ጀርመን የክልል መሪ መኪና ላይ ያለው ባንዲራ የማን ነው?

ሰፊው ከጠባሴ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ደብረ ብርሃን ጠባሴ ልብስ እሰፋለሁ፤ ባንዲራም እሰፋለሁ። የእህቴ ልጅ ሙኒክ ይኖራል። ባለፈው ፎቶ ላከልኝ፤ የክልሉ መሪ ጥቁር መኪና፣ ከፊት ጎማው በላይ ትንሽ ባንዲራ። ጥቁር፣ ቀይና ወርቃማ ስጠብቅ ነጭና ሰማያዊ ሆኖ አገኘሁት! የአገሩን ትቶ የክልሉን መስቀል ይቻላል?
ስፌቱም አስቀናኝ። እኔ ለሰርግ መኪና የሰፋሁት ጣርማ በር ላይ ነፋሱ ጫፉን ተርትሮት ተመለሰ። ጠርዙን ደርቤ ማጠፍ ነበረብኝ። እስካሁን ይቆጨኛል።

የደብረ ሲና ልጅ፦
ይቻላል ጋሼ። ጀርመን 16 ክልሎች አሏት፤ ሁሉም የየራሳቸው ሕገ መንግሥት፣ ምክር ቤትና ባንዲራ አላቸው። እርስዎ ያዩት የባየርን ነው። መሪው ሚኒስትር ፕሬዚዳንት ይባላል። በርሊን፣ ሃምቡርግና ብሬመን ግን ከተማም ክልልም ስለሆኑ የሚመራቸው ከንቲባ ነው።

መንዜው፦
አንድ ነገር ልጨምር። አርማ ያለበት የመንግሥት ሥራ ባንዲራ የሹም ነው። ግለሰብ ያለ ፈቃድ ቢሰቅለው በሕግ ይቀጣል። የፌዴራሉ ፕሬዚዳንት ደግሞ የራሱ ባንዲራ አለው፦ አራት ማዕዘን፣ መደቡ ወርቃማ፣ ዙሪያው ቀይ፣ መሀሉ ላይ ጥቁር ንስር።

ሰፊው ከጠባሴ፦
እግዜር ይስጥልኝ ልጆቼ። ንስሩ በጥልፍ ነው በቀለም? ልጁን አሁኑኑ እጠይቀዋለሁ።