ጣምራ መንግሥት በቤልጂየም፦ ስሌቱ እንዴት ነው የሚሠራው?

የአራት ኪሎው
ሰላም ለቤቱ። አራት ኪሎ ለሚሰበሰበው የክርክር ቡድናችን የጣምራ መንግሥት ድርድር ልምምድ እያዘጋጀሁ ነው፤ ምሳሌው ቤልጂየም ነው። እ.ኤ.አ. የ2010 ምርጫ ከተደረገ በኋላ መንግሥት እስኪቆም 541 ቀን እንደፈጀ ሁሉም ይጠቅሳል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ማን ምን ሲሠራ እንደነበር ግን የሚነግረኝ አጣሁ። ማን ይጀምራል? ሹመቱ እንዴት ይከፋፈላል? የሚበላሸውስ የት ጋ ነው? የእኛ ሕገ መንግሥት ላይ ያለችው «አንድ ሳምንት» ለእንዲህ ያለ ድርድር ትበቃለች ወይ?

ባለቀበናው
ከምርጫው አደረጃጀት ጀምር። ሊበራሉም ሶሻሊስቱም ክርስቲያን ዴሞክራቱም በቋንቋ ለሁለት የተከፈሉ ፓርቲዎች ናቸው። ደች በሚነገርበት ፍላንደርስ ያለ መራጭ ፈረንሳይኛ የሚነገርባትን የዋሎኒያን ፓርቲ መምረጥ አይችልም፤ ሁለቱ በአንድ ድምፅ መስጫ ወረቀት ላይ የሚገናኙት በዋናነት ብራስልስ ላይ ነው። ስለዚህ አንድ መሪ ለወዲያኛው ቋንቋ ተናጋሪ ቢለሳለስ ድምፅ አያገኝበትም፣ ቢያመርርም አያጣበትም። ድርድሩን የሚጎትተው የሰዎቹ ግትርነት ሳይሆን ይኼ ነው።

ሂደቱን በተመለከተ፣ ንጉሡ የፓርቲ መሪዎችን በየተራ ያነጋግሩና አንድ አጣሪ ይሰይማሉ። የእሱ ሥራ ማን ከማን ጋር ሊቀመጥ እንደሚችል አጣርቶ መመለስ ብቻ ነው። ጥምረቱ መልክ ሲይዝ መንግሥት መሥራች ይሰየማል፤ አብዛኛውን ጊዜ ጠቅላይ ሚኒስትር የሚሆነውም እሱ ነው። መሃል ላይ ሲቆላለፍ አስታራቂ ይገባል። እ.ኤ.አ. ከ2010 እስከ 2011 እነዚህ ማዕረጎች በብዙ ሰው እጅ ዞረዋል፤ ግማሹ ሥራ ንዴት እስኪበርድ ጊዜ መግዛት ነበር ብል አላጋነንኩም። የስምምነቱ ሰነድ ሲያልቅ እያንዳንዱ ፓርቲ ለየራሱ ጉባኤ አቅርቦ ያጸድቃል። ሚኒስትሮች ንጉሡ ፊት ይምላሉ፣ ከዚያ 150 መቀመጫ ካለው ምክር ቤት የመተማመኛ ድምፅ ይጠየቃል።

ሹመት ላይ ቋንቋ ይቀድማል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 99 መሠረት ሚኒስትሮች ከ15 አይበልጡም፤ ከጠቅላይ ሚኒስትሩ በቀር ደች ተናጋሪውና ፈረንሳይኛ ተናጋሪው እኩል ናቸው። ከዚህ በኋላ ያልተጻፈው የነጥብ ስሌት ይመጣል፦ ጠቅላይ ሚኒስትር 3፣ ሚኒስትር 2፣ ሚኒስትር ዴኤታ 1። ከ541 ቀኑ በኋላ የቆመው የዲ ሩፖ መንግሥት ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ሌላ 12 ሚኒስትሮችና 6 ሚኒስትር ዴኤታዎች ነበሩት፤ በድምሩ 33 ነጥብ ይሆናል። የጥምረቱ ፓርቲዎች በምርጫው 96 መቀመጫ ስላገኙ አንድ ነጥብ ወደ 3 መቀመጫ ግድም ያወጣል። ለልምምድህ ይኼ ብቻ ይበቃሃል።

ፒያሳ ማዶ
ባለቀበናው ያላነሳው አንድ ነገር አለ፤ ሰው ሁሉ የሚስተው እዚህ ላይ ነው። መንግሥት ለማቆም በእያንዳንዱ ቋንቋ ቡድን ውስጥ (የምክር ቤቱ አባላት በደችና በፈረንሳይኛ ለሁለት ይመደባሉ) አብላጫ ማግኘት ግዴታ አይደለም። የ2010ን ውጤት ደምሩት። 27 መቀመጫ ይዞ አንደኛ የወጣው የፍላንደርሱ ፓርቲ ኤን-ቪ-ኤ በሐምሌ 2011 (ይኼም እ.ኤ.አ. ነው) የዲ ሩፖን ሰነድ አልቀበልም አለ፤ ያለ እሱ ስድስት ፓርቲዎች ተጣመሩ። ከደች ተናጋሪው ወገን 17፣ 13 እና 13 ይዘው ስለገቡ 43 ሆኑ። የቡድኑ ጠቅላላ መቀመጫ 88 ስለሆነ አብላጫው 45 ነው፤ ሁለት ጎደላቸው። መንግሥቱ ግን ቆመ።

የመንግሥት አወቃቀር የሚለውጥ ልዩ ሕግ ሲመጣ ሌላ ነው። በየቡድኑ አብላጫ፣ ከአጠቃላዩ ድምፅ ደግሞ ሁለት ሦስተኛ ይጠይቃል። ስለዚህ ካቢኔ ውስጥ ያልገቡት ሁለቱ አረንጓዴ ፓርቲዎች (8 እና 5 መቀመጫ) ለዚያ ጉዳይ ብቻ ድምፃቸውን ሰጡ። በምርጫው ውጤት ሲቆጠር 96 የነበረው 109 ሆነ፣ የደች ተናጋሪው 43ም 48። ልምምዱ ላይ «ከመንግሥት ውጭ ሆኖ ለአንድ ሕግ ብቻ መደገፍ» የሚል አማራጭ ካላስቀመጥክ ተሳታፊዎችህ ይቆላለፋሉ።

ሒሳብ ሹም
541 ቀን እንዴት ተቻለ ለሚለው፣ ገንዘብ ስላልቆመ ነው። በጀት ካልጸደቀ ምክር ቤቱ ካለፈው ዓመት በጀት በወር አንድ አሥራ ሁለተኛ እንዲወጣ ይፈቅዳል፤ ደመወዝና ጡረታ ይከፈላል፣ አዲስ ፕሮጀክት ግን የለም። ትምህርትም በክልልና በቋንቋ ማኅበረሰብ መንግሥታት እጅ ስለሆነ ተማሪው ቤት አልዋለም። የተሰናባቹ ጠቅላይ ሚኒስትር የሌተርም ባላደራ መንግሥት በመጋቢት 2011 ምክር ቤቱን አስፈቅዶ ሊቢያ ላይ ተዋጊ አውሮፕላን እስከመላክ ደርሷል።

ድርድሩን ያፈጠነው ብድር ነው። የብድር ደረጃ አውጪው ድርጅት ስታንዳርድ ኤንድ ፑርስ ኅዳር 25 ቀን 2011 የአገሪቱን የብድር ደረጃ ዝቅ አደረገ፤ ለወራት ሲጎተት የነበረው የበጀት ስምምነት በማግስቱ ተቋጨ። (ቀኖቹ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

የአራት ኪሎው
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የእኛዋ ሳምንትስ?

አንቀጽ ቆጣሪ
ያቺ ሳምንት ከምርጫ በኋላ ላለው ጊዜ አይደለችም ወንድሜ። አንቀጽ 60 ንዑስ አንቀጽ 2 የሚናገረው ሥልጣን ላይ ያለ ጣምራ ፈርሶ አብላጫውን ሲያጣ ነው። ያኔ ፕሬዚዳንቱ ፓርቲዎቹ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሌላ ጣምራ እንዲመሠርቱ ይጋብዛሉ፤ ካልተስማሙ ምክር ቤቱ ተበትኖ ምርጫ ይደረጋል። ምርጫውም በስድስት ወር ውስጥ መሆን አለበት። እስከዚያ ባላደራው የዕለት ሥራ ይሠራል፣ ምርጫ ያካሂዳል፤ አዲስ ሕግ ማውጣትም ነባሩን መሻርም አይችልም። ከምርጫ በኋላ የሚሠራው አንቀጽ 56 ነው፤ አብላጫ መቀመጫ ያገኘ ፓርቲ ወይም ጣምራ መንግሥት ይመሠርታል ይላል እንጂ የመደራደሪያ ቀን አይቆርጥም።

ይኼ ሁሉ እስካሁን ያልተፈተነው በየምርጫ ክልሉ ብዙ ድምፅ ያገኘ ስለሚያልፍ ነው። ከ547ቱ 274ን ለብቻው የሚያልፍ ስለተገኘ ድርድሩ የሚያልቀው ከምርጫ በፊት፣ ግንባር ውስጥ ነበር። የኢሕአዴግን ምክር ቤት አስታውስ፦ 180 አባል፣ ለአራቱ ድርጅት 45፣ 45። የሕዝብ ብዛት አልተቆጠረም።

ሳምንት ትበቃለች ወይ ላልከው፣ ባዶ ወረቀት ይዞ ለሚቀመጥ አትበቃም። ጣምራው ሲመሠረት «ከመካከላችን አንዱ ቢወጣ ማን ይተካዋል፣ የትኛው ሚኒስቴር ለማን ይዞራል» የሚል አንቀጽ በስምምነቱ ከገባ ግን ትበቃለች። ልምምዱን በሁለት ዙር አድርገው። የመጀመሪያው ያለ ቀነ ገደብ፣ የ2010ን መቀመጫ እንዳለ ይዘህ፤ አንድ አንድ መቀመጫ ያላቸውን ሁለቱን ተዋቸው። ሁለተኛው ላይ አንድ ፓርቲ አስወጣና ሰባት ደቂቃ ስጣቸው፤ አንድ ደቂቃ እንደ አንድ ቀን ይታሰብ። ሹመቱን ከፕሮግራሙ በፊት እንዳያነሱ ከልክል፤ ማን ምን ይሾም የሚለው ቀድሞ ከተነሳ ወደ ቋንቋው ጉዳይ የሚመለስ አይገኝም።