«መስክ ወጥተው አይተዋል» አሉን!

ሒሳብ ሹሙ፦ «ጨፌው ቢሮዎችን አይቆጣጠርም አትበሉ፤ መስክ ወጥተው አይተዋል።» ስለ ጨፌ ኦሮሚያ፣ ስለ ክልላችን ምክር ቤት፣ ትናንት እዚሁ ግሩፕ ላይ የተጻፈች ናት፣ ስታበግነኝ አደረች። ምኑን ነው ያዩት? እኔ እምሠራበት መሥሪያ ቤት ኮሚቴ ሊመጣ ነው ከተባለ ሳምንት ሙሉ ጽዳት ነው። አጥሩ ቀለም ይቀባል፣ የተበላሸው ፕሪንተር መጋዘን ይገባል፣ ባለጉዳይ «ሰኞ ተመለስ» ይባላል። እነሱም ቡናቸውን ጠጥተው «አበረታች ነው፣ የታዩ ክፍተቶች ይታረሙ» ብለው ይሄዳሉ።

አባ ቀና፦ የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ አልሸሽም። ማጣጣል ሱስ ሆኖባችኋል። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 50 ላይ የክልል ምክር ቤት የክልሉ ከፍተኛ የሥልጣን አካል ነው ይላል። ቋሚ ኮሚቴ አለ፣ ኦዲተር አለ፣ ሪፖርት ይሰማል። ሌላ ምን ይምጣላችሁ?

ሒሳብ ሹሙ፦ ሪፖርት ይሰማል! ቢሮው ስለራሱ የጻፈውን ነዋ የሚሰሙት።

የፍራንኮዋ፦ አንቀጹን ተወውና ይቺን መልስልኝ። ከአባላቱ መሃል ራሳቸው አስተዳዳሪ ወይም የቢሮ ኃላፊ የሆኑ የሉም? ጠዋት ጠያቂ፣ ከሰዓት ተጠያቂ። በዚያ ላይ ሁሉም የአንድ ፓርቲ ሰዎች ናቸው። ማን ማንን ያፋጥጣል?

አባ ቀና፦ ሕዝብ መርጦ ነው እህቴ። ምርጫው ካልጣመሽ በቀጥታ ተናገሪ።

ባለ ፔንሲዮኑ፦ ወገን፣ እንደፈለጋችሁ ተነታረኩ፣ ስብሰባውን ግን አትንኩብን። ጨፌው ሲቀመጥ ነው አልጋ የሚሞላልን።

የፖስታ ቤት ልጅ፦ ያንተ አልጋ እንዲሞላ እኛ መንገድ ተዘግቶብን በዚህ በአዳማ ፀሐይ በእግራችን እንኳትን? ባጃጅ እንኳ አያሳልፉም።

ባለ ፔንሲዮኑ፦ የስብሰባ ከተማ ውስጥ ተወልደህ ስብሰባ ትጠላለህ? የገረመኝ።

ጡረተኛው፦ ልጆች፣ ወደ ነገሩ እንመለስ። ገመቹ ዱቢሶ የፌዴራል ዋና ኦዲተር ሳሉ በየዓመቱ ፓርላማ ቀርበው ስላልተወራረደ ሂሳብ ያነቡ ነበር። ለከርሞውም ያው ነው። ችግሩ ከንባቡ በኋላ ነው። እዚያ ግን ቢያንስ የመንግሥት ወጪ አስተዳደርና ቁጥጥር ቋሚ ኮሚቴ አለ። ኃላፊውን ጠርቶ፣ ኦዲተሮቹ ባሉበት፣ ጋዜጠኛ እያየ «ይህ ብር የት ገባ?» ይለዋል። እዚህም እንደዚያ በአደባባይ ይጠየቁ። የኦዲት ግኝቱ ለሕዝብ ይለጠፍ፣ ማስተካከያውም ቀን ይቆረጥለት።

አባ ቀና፦ ጋሼ፣ በአክብሮት ነው የምጠይቅዎት፣ ያ መድረክ ማንን አስባረረ?

ጡረተኛው፦ ላያስባርር ይችላል የኔ ልጅ። ግን ሰነዱን ሳያነብ የመጣ ኃላፊ በሕዝብ ፊት ሲንተባተብ ይታያል። በዝግ ስብሰባ ይህም የለም።

ሒሳብ ሹሙ፦ አባ ቀና፣ አትሽሽ። መስክ ሲወጡ ቀድሞ ደብዳቤ ይጻፋል ወይስ አይጻፍም? አዎ ወይ አይ በለኝ።

አባ ቀና፦ ይጻፋል፣ ሥርዓት ነው። ሰው ቤት እንኳ ሳይነገር አይኬድም።

የፍራንኮዋ፦ ሰው ቤት!!! በግብራችን የሚተዳደር ቢሮ የሰው ቤት ሆነልህ?

አባ ቀና፦ ለምሳሌ ነው ያልኩት፣ አታጣሚብኝ።

ሒሳብ ሹሙ፦ ምንም አላጣመመችም። እንግዲህ ለእንግድነት ነው የሚሄዱት ማለት ነዋ፣ ቡናውም ለዚህ ነው የሚፈላው።

አባ ቀና፦ አንተ ከውስጥ ሆነህ ይህን ሁሉ ካየህ ለኮሚቴው ለምን አልነገርክም?

ሒሳብ ሹሙ፦ አለቃዬ አጠገባቸው ቆሞ? ደመወዜን አንተ ትከፍለኛለህ?

ባለ ፔንሲዮኑ፦ ቀጣዩ ጉባኤ መቼ እንደሆነ የሚያውቅ አለ? አልጋ የሚይዝ በውስጥ ያናግረኝ።