ናም በተባለው የሙዚቃ መሣሪያዎች የንግድ ትርኢት ላይ ክራር ይዤ ልቀርብ ነው፤ ቡዙን (የማሳያ ቦታዬን) ጎጆ ቤት ላስመስለው?

ክራር ሠሪ፣ ሎስ አንጀለስ፦

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። ዕድሜዬ 57 ነው። ፌርፋክስ ጎዳና አጠገብ በሚገኘው ቤቴ ጋራዥ ውስጥ ክራር እሠራለሁ። ገበቴው እንጨት፣ ፊቱ የፍየል ቆዳ ነው፤ ከብርኩማው ሥር ፒክአፕ (የአውታሩን ድምፅ ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይር መሣሪያ) አስገብቼ ከአምፕሊፋየር ጋር እንዲገናኝ አድርጌዋለሁ። በመጪው ጃንዋሪ አናሃይም በሚካሄደው ናም ትርኢት ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ልቀርብ ነው። ትርኢቱን የሚያዘጋጀውን ማኅበር የአባልነት ክፍያ ከፍያለሁ፤ 10 በ10 ጫማ ቦታም ይዣለሁ። ስምንት ክራር ይዤ እገባለሁ።

ሐሳቤ ቡዙን ጎጆ ቤት ማስመሰል ነው። ጣሪያውን ሣር አልብሼ፣ ወለሉ ላይ ቄጤማ ጎዝጉዤ፣ ባለቤቴ ረከቦቷን ዘርግታ ቡና እንድታፈላ፣ ዕጣንም እንዲጨስ እፈልጋለሁ። በዚያ ሁሉ ጊታርና ከበሮ መካከል ሰው ወደ ክራሬ ዞር እንዲልልኝ ሌላ መንገድ አልታየኝም። ለጌጡ 3 ሺህ ዶላር መድቤያለሁ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ቡዝ ተካይ፣ ላስ ቬጋስ፦

ጋሼ፣ እንኳን ደስ አለዎት! በኤግዚቢሽን አዳራሾች ቡዝ ስተክልና ሳፈርስ 11 ዓመት ሆኖኛል፤ ስለዚህ ቅር እንዳይልዎ እየሰጋሁ እውነቱን ልንገርዎ። የሣሩን ጣሪያ ይተዉት። ካሊፎርኒያ ውስጥ ለማስጌጫ የሚውል ጨርቅም ሆነ ሣር እሳት እንዳይቀጣጠልበት በመድኃኒት መታከሙን የሚያሳይ ወረቀት ይጠየቃል። የእሳት አደጋ ተቆጣጣሪው እየዞረ ይፈትሻል፤ ወረቀቱ ከሌለ ያስነሣል። አንድ አባት በመክፈቻው ዋዜማ ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ የደረቅ ቀርከሃ ግድግዳቸውን ሲያፈርሱ አግዣቸው ነበር፤ እስከ ዛሬ ያሳዝኑኛል። ከሰልና ዕጣን ጨርሶ አይታሰቡም። ቡናውም ቢሆን፣ በአብዛኞቹ አዳራሾች ምግብና መጠጥ የማቅረብ መብት የአንድ ድርጅት ስለሆነ ያለ ፈቃድ አይታደልም።

ገንዘብዎን የሚበላው ሌላ ነገር ነው። ዕቃ ከጭነት መኪና ወርዶ ቡዝዎ እስኪደርስ በየ100 ፓውንዱ ያስከፍላሉ፤ ቀላል ዕቃ ቢሆንም ዝቅተኛው ሂሳብ አይቀርም። ከቤትዎ አዳራሹ በር ድረስ ካወጡት ይልቅ ለዚያች ለመጨረሻዋ መንገድ የሚከፍሉት ሊበልጥ ይችላል። ስምንት ክራር ግን በእጅ የሚገባ ነው፤ የአቅራቢዎች መመሪያው በእጅ ስለሚገባ ዕቃ የሚለውን ገጽ አትመው ይያዙ። የኤሌክትሪክ መስመር ለብቻው ይታዘዛል፤ ቀነ ገደቡ ካለፈ ዋጋው ይጨምራል። እኔ ብሆን ዛሬ ማታ ተቀምጬ የማዘዣ ቀኖቹን በሙሉ ግድግዳ ላይ እለጥፍ ነበር።

የሙዚቃ መሣሪያ ነጋዴ፣ ፍራንክፈርት፦

ወንድሜ፣ ጥያቄዎን ሳነብ የራሴ ነገር ትዝ አለኝ። እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ እዚህ ከተማችን ይካሄድ በነበረው ሙዚክሜሴ በተባለው የሙዚቃ መሣሪያ ትርኢት አንድ ዓመት ማሲንቆና ከበሮ ይዤ ቀርቤ ነበር። የላሊበላን ፎቶግራፍ ግድግዳ በሚያህል ጨርቅ አሳትሜ ከኋላዬ ሰቀልኩ። ሰው ሁሉ ይመጣል፣ ፎቶግራፉ ፊት ቆሞ ይነሣል፣ ይሄዳል። ማሲንቆዬን የነካው አልነበረም፤ እኔም ንኩት አላልኩም።

በሦስተኛው ቀን አንዲት የሱቅ ባለቤት መጣች። የጅምላ ዋጋው ስንት ነው? በወር ስንት ታደርሳለህ? ጭራው ቢበጠስ ደንበኛዬ ከየት ያገኛል? አንዱንም አልመለስኩላትም፤ የያዝኩት የችርቻሮ ዋጋ ብቻ ነበር። አድራሻዋን እንኳ ሳልቀበል ሄደች። የእርስዎ 3 ሺህ ዶላር ለእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ይዋል። በአንድ ገጽ የጅምላ ዋጋ ዝርዝር ይዘጋጅ፤ ከእያንዳንዱ ክራር ጋር ትርፍ አውታር በከረጢት ይሁን። በወር አራት ብቻ ከሆነ የሚሠሩት አራት ይበሉ፤ ገዢውን የሚያስቀይመው ማነሱ ሳይሆን ቃል ገብቶ አለማድረስ ነው።

ጊታር መሸጫ ሠራተኛ፣ ሳን ዲዬጎ፦

ናም ላይ ለመግዛት ስንመጣ ጆሯችን ዝሎ ነው የምንውለው። በቡዝ ውስጥ ድምፅ ከ85 ዴሲቤል እንዳይበልጥ ደንብ አለ፤ የጎረቤት ከበሮ ሲጨመርበት ግን ስድስት አውታር ያለው ክራር አይሰማም። ጥሩ የጆሮ ማዳመጫ ያዘጋጁ። ማዳመጫውን ያጠለቀ ሰው ቢያንስ ሦስት ደቂቃ ይቆይልዎታል።

ሁለተኛ፣ ቅኝቱ። አራት ክራሮችን በትዝታ፣ በባቲ፣ በአምባሰልና በአንቺሆዬ ቃኝተው የየቅኝቱን ስምና ድምፆች በካርድ ይጻፉባቸው። ጊታር ተጫዋች የት እንደሚጀምር ሲያውቅ ብቻ ነው እጁን የሚሰድደው። ደረቁ የሳንታ አና ነፋስ ከተነሣ ደግሞ ቆዳው ይወጠርና ቅኝቱ ሽቅብ ይወጣል፤ በየማለዳው በሩ ከመከፈቱ በፊት አንድ ሰዓት ለመቃኘት ይተዉ። ከፌርፋክስ እየተመላለሱ ይህን አይችሉትም፤ የመንገዱን መጨናነቅ ያውቁታል። አናሃይም ይደሩ።

ክራር ሠሪ፣ ሎስ አንጀለስ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ልጆቼ። ሁለት ቀን ዝም ያልኩት ሣሩን መተው ከብዶኝ ነው። ያደግኩበት ቤት ጣሪያ ነበር፤ ክራርንም የሰማሁት ከሥሩ ነው። ግን የፍራንክፈርቱ ወንድሜ ያለው ቆረጠልኝ። ሰው ፎቶግራፍ እንዲነሣ ሳይሆን አውታሩን እንዲነካ ነው የምፈልገው።

እኔና የወንድሜ ልጅ በወር ስድስት እንጨርሳለን፤ ስድስት ብለን ጽፈናል። አራት ማዳመጫ አዝዣለሁ። ባለቤቴ ቡናው መቅረቱን ስነግራት አዘነች፤ ከዚያ «እኔ የሐበሻ ቀሚሴን ለብሼ እንግዳውን ክራር አስይዘዋለሁ» አለች። ትዝታን ከእኔ አሳምራ ትጫወታለች፤ በእውነቱ ከጎጆውም ትበልጣለች። አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ፤ በግራ እጁ የሚጫወት ሰው ቢመጣስ? አንዱን ክራር ለግራ እጅ ላዘጋጅ አስቤያለሁ፤ የሞከረ ካለ አውታሩን እንዴት እንደደረደረው ይንገረኝ።