ቁንጭር በአንዱ ሲድን በሌላው ለምን ይስፋፋል?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። የእህቴ ልጆች ከላይ ጋይንት ለሕክምና ባሕር ዳር መጥተው እኔ ዘንድ አርፈዋል። ሁለቱም ቁንጭር የተባለው የቆዳ በሽታ እንዳለባቸው በምርመራ ተረጋግጧል። የታናሿ አንድ ቁስል ብቻ ሲሆን፣ ጉንጯ ላይ ጠርዙ አብጦ፣ መሐሉ ተቦርቡሮ ቅርፊት ይዟል። የታላቋ ግን ሳይቆስልና ሳያማት ከአፍንጫዋ እስከ ጆሮዋ በእብጠት ተሸፍኗል። አንድ ቤት ያደጉ ልጆች እንዲህ የሚለያዩት ለምንድን ነው? ባለመቁሰሉስ ልጽናና?

የላቦራቶሪ ባለሙያ፦
የተከበሩ ጠያቂ፣ ይበልጥ ሊያሳስብዎ የሚገባው የታላቋ ነው። በአገራችን ደጋማ አካባቢዎች ቁንጭርን በአብዛኛው የሚያመጣው ሌሽማኒያ ኤትዮፒካ የተባለ ጥገኛ ተውሳክ ሲሆን፣ ከሽኮኮ ወደ ሰው የምታሻግረውም የአሸዋ ዝንብ ናት። ተውሳኩ የሚራባው ሊያጠፋው በዋጠው ማክሮፋጅ በተባለው ሴል ውስጥ ነው። ማክሮፋጁ የዋጠውን መግደል የሚችለው ሲዲ4 የተባሉት ቲ-ሴሎች፣ ማለትም በሽታ ተከላካይ ነጭ የደም ሴሎች፣ ተውሳኩን ለይተው ኢንተርፌሮን ጋማ የተባለውን አነቃቂ ፕሮቲን ሲያመነጩ ነው፤ በዚህ ሲነቃቃ ናይትሪክ ኦክሳይድን የመሰሉ ውሕዶችን ሠርቶ ተውሳኩን ይፈጀዋል። የታናሿ ቁስል መቦርቦር በከፊል የዚሁ ውጊያ ውጤት ነው። የታላቋን በመሰለው፣ በተሰራጨው የቁንጭር ዓይነት ግን ቲ-ሴሎቹ ሌላውን በሽታ እየተከላከሉ ለዚህ ተውሳክ ብቻ ዝም ይላሉ። ከእንዲህ ያለ እብጠት የተወሰደ ናሙና በጊምሳ ቀለም ተነክሮ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ማክሮፋጆቹ በተውሳክ ታጭቀው ይገኛሉ፤ ከቆየ ቁስል በተወሰደው ላይ ግን አንድ ለማግኘት እንኳ ብዙ መፈለግ ያሻል። አንቶኒ ብራይሰን የተባሉት ሐኪም ይህንኑ የተሰራጨ ዓይነት በኢትዮጵያ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1969 እና በ1970 ጽፈውበታል።

የቆዳ ሕክምና ነርስ፦
ከላይ የተሰጠው መልስ ትክክል ነው፤ ሆኖም የቲ-ሴሎች ምላሽ በበረታ ቁጥር ይሻላል ማለት እንዳልሆነ ልጨምር። አፍንጫና አፍን በሚያጠቃው ዓይነት ላይ ተውሳኩ ጥቂት ሆኖ ሳለ፣ ልጓም ያጣው ምላሽ ራሱ ሥጋውን ይጎዳል። የታላቋ ሕክምና ረጅም ሊሆን ይችላል፤ ካገገመችም በኋላ ሊመለስባት ስለሚችል ክትትሉን አታቋርጡ። የኤች አይ ቪ ምርመራም ይደረግላት፤ ቫይረሱ የሚያመናምነው እነዚህኑ ሲዲ4 ሴሎች ነውና።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጎረቤት ሥጋ ደዌ ነው እያለ ስለሚያወራ ልጆቼን ከእሷ ጋር ማስተኛት ፈርቼ ነበር።

የቆዳ ሕክምና ነርስ፦
የተሰራጨው ቁንጭር ሥጋ ደዌን በመልክ ስለሚመስል ብዙዎች ይሳሳታሉ፤ የሚለየው ከቆዳ በሚወሰድ ናሙና ነው፣ የእሷም ተለይቷል። ቁንጭር አብሮ በመተኛትም ሆነ በመነካካት አይተላለፍም፤ ያለ ስጋት አብረው ይተኙ።