ሞተሯ ያለ ቾክ አልሠራ አለች፤ ካርቡሬተሩን ልቀይረው?

ጠያቂ፦
ወገን ድረሱልኝ! የውሃ መሳቢያዋ ሞተር ቾክ ስስብ ትነሳለች፣ ስመልሰው ከፍ ዝቅ ትልና ድርግም። ችግኙ በፀሐይ እየጠወለገ ነው። ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡሬተሩ አልቆለታል፣ አዲስ ልግዛ ወይስ ይጠገናል? ቶሎ በሉኝ።

ባለመፍቻ፦
ካንዴላ ቀይር፤ ብልጭታ የሚሰጣት እሱ ነው።

ጠያቂ፦
ካንዴላው አዲስ ነው።

የድሮ መካኒክ፦
ወንድሜ፣ ዕቃ ከመቀየርህ በፊት ሥራውን እወቅ። ቾክ አየሩን ስለሚቀንስ ቤንዚኑ ይበዛል። በቾክ ብቻ የምትሠራ ሞተር ወይ ቤንዚን አንሷታል፣ ወይ ከማይገባ ቦታ አየር ትስባለች። ቤንዚን እንደያዘች ብዙ ቆማ ነበር? ቤንዚኑ ሲተን እንደ ሙጫ የሚለጠፍ ነገር ይተዋል፣ ቤንዚን የሚያልፍበት የጄቱ ቀዳዳ ደግሞ በጣም ጠባብ ነው። ከዚህ በላይ ማስረዳት ይቻላል...

የጓሮ አትክልት፦
እስከዚያው በባልዲ አጠጣ፣ ባልዲ ካርቡሬተር የለው! የታንከሩን ክዳንም ላላ አድርገህ ሞክራት፤ መተንፈሻው ከተደፈነ ቤንዚን አይወርድም።

ባለመፍቻ፦
አዲስም ካንዴላ ይበላሻል እኮ። አውልቀህ እየው።

ቀጥታ፦
አልቆለታል ያልከው ከምን ተነስተህ ነው? በቾክ ከተነሳች ቤንዚን እየደረሳት ነው፣ ካርቡሬተሩ ቆሽሾ ይሆናል። ሞተሩ ይቀዝቅዝ፣ እሳት ከአጠገብህ አይኑር፣ የቤንዚኑን መዝጊያ ዝጋ። የስፕሪንጎቹን አገጣጠም ፎቶ አንሳ፣ በኋላ ታመሰግነኛለህ። ከሥር ያለችውን ብሎን ፍታ፣ ብዙ ጊዜ 10 ቁጥር መፍቻ ይበቃል፣ የቤንዚን ኩባያዋን አውርድ። ውሃ ካለ ከታች ተኝቶ ታየዋለህ። መሃል ያለችውን የነሐስ ጄት በልኳ ካቻቪቴ ፈትተህ ወደ ብርሃን አንሳት። ቀዳዳዋ ክብ ሆኖ ካልታየህ ነገሩ እሱ ነው። በካርቡሬተር ማጽጃና ከኤሌክትሪክ ገመድ በመዘዝካት አንዲት ቀጭን የመዳብ ክር አጽዳት። በብረት ሽቦ እንዳትጎረጉራት! ቀዳዳው ከሰፋ ቤንዚን ይበዛል፣ ጥቁር ጭስ ትተፋለች።

ጠያቂ፦
ክዳኑን ማላላት ምንም አልለወጠም። ጄቱን ፈታሁት፣ ብርሃን የሚባል አያሳልፍም! ካርቡሬተሩና ሞተሩ መሃል ያለው ማሸጊያ፣ ጋስኬቱም ተሰንጥቋል። በሲሊኮን ልለጥፈው?

ቀጥታ፦
በፍጹም! ተራ ሲሊኮን ቤንዚን አይችልም፤ ተቆርሶም ወደ ውስጥ ይገባል። ጋስኬቱን በአዲስ ቀይረው፣ አለዚያ ጄቱ ቢጸዳም አየር እየሳበች ትጠፋብሃለች። ከዚያም እምቢ ካለች ካርቡሬተር ግዛ፤ ግን አሮጌውን ይዘህ ሂድ፣ የብሎን ቀዳዳዎቹን ርቀትና የማስገቢያውን ስፋት ጎን ለጎን አስተያይ። መልኩ አንድ ሆኖ የማይገጥም ሞልቷል።

ባለመፍቻ፦
ካንዴላውንስ አየኸው?

የድሮ መካኒክ፦
አሮጌውን ቤንዚን መልሰህ እንዳትሞላ። ታንከሩ ውስጥ ያለችውን ወንፊትም እያት፣ እሷ ከቆሸሸች ጄቱ መልሶ ይደፈናል።