«ያልበሰለ ሴል» ወይስ «ያልበቃ ሴል»?

ጠያቂዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ሱሉልታ ጫጩት ለሚያረቡ ጎረቤቶቼ ስለ ጉምቦሮ (ጫጩት ስለሚገድለው የቫይረስ በሽታ) አንድ ገጽ ማስታወሻ እያዘጋጀሁ ነው። «ቫይረሱ ያልበሰሉ የመከላከያ ሴሎችን ይገድላል» ብል ያስኬዳል? አንዷ አንብባ «ያልበሰለማ ጥሬ ነው» ብላ ሳቀችብኝ። «የጂን አገላለጽ» (ጂን ሥራ ላይ መዋሉን ለማለት) የሚለውንስ ምን ላድርገው? ደግሞ ጉምቦሮ ኦሮምኛ ነው የሚሉ አሉ፣ እውነት ነው?

የለገጣፎው፦ ከቀላሉ ልጀምር። ጉምቦሮ ኦሮምኛም አማርኛም አይደለም፣ አሜሪካ ዴላዌር ውስጥ ያለ የቦታ ስም ነው። በሽታው መጀመሪያ የታወቀው እዚያ አካባቢ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ።

ከ3 እስከ 6 ሳምንት ያለች ጫጩት ሞታ ብትከፍቻት፣ ከፊንጢጣዋ በላይ በጀርባ በኩል ትንሽ ድቡልቡል ከረጢት ታገኛለሽ። ቡርሳ ይባላል። ቢ ሴል (ፀረ እንግዳ አካል የሚያመርተው የመከላከያ ሴል) «ቢ»ውን ያገኘው ከዚህ ነው፤ ቫይረሱም የሚያጠቃው እዚህ ውስጥ ገና እየተባዙ ያሉትን ሴሎች ነው። ዶሮዋ ስታድግ ከረጢቱ እየሟሸሸ ስለሚሄድ ለበዓል ዶሮ የሚበልት ሰው ልብ አይለውም። እኛ ቡርሳ የለንም፣ የእኛ ቢ ሴል የሚያድገው መቅኔ ውስጥ ነው።

አሁን ወደ ቃሉ። በሰውና በአይጥ የታወቀውን ልንገርሽ። ሴሉ ሲያድግ ከውጭ የሚመጣለት አዲስ ጂን የለም፤ የሚለወጠው ካሉት ውስጥ የትኛው ሥራ ላይ እንደዋለና የትኛው እንደተዘጋ ነው። ገና ለጋ ሳለ ራግ 1 እና ራግ 2 የሚባሉት ይሠራሉ፤ የፀረ እንግዳ አካል ጂን ቁርጥራጮች እንዲቀጣጠሉ ዲኤንኤውን የሚቆርጡት እነሱ ናቸው (ሳይንቲስቱ ሱሱሙ ቶኔጋዋ እ.ኤ.አ. በ1987 ኖቤል ያገኘው ይህን መቀጣጠል በማሳየቱ ነው)። ሥራው ሲያልቅ ይዘጋሉ፣ መዘጋትም አለባቸው፣ ዲኤንኤ የሚቆርጥ ነገር ክፍቱን አይተውም። ፓክስ 5 የሚባለው ጂን ደግሞ የቢ ሴልን ጂኖች ይከፍትና የሌላ ዓይነት ሴል የሆኑትን አፍኖ ይይዛል። በመጨረሻ ሴሉ ጠላቱን አግኝቶ ፀረ እንግዳ አካል በሰከንድ በሺዎች የሚያመርት ፕላዝማ ሴል ሲሆን፣ ብሊምፕ 1 የሚባል ሌላ ጂን ተነስቶ ፓክስ 5ን ራሱን ይዘጋዋል! ማለትም የእድገቱ ግማሽ መዝጋት ነው።

«በሰለ» የማይመቸኝም ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 በታተመ ጥናት፣ ካደጉ የአይጥ ቢ ሴሎች ፓክስ 5 ሲወጣ ወደ ኋላ ተመልሰው ጥሬ ሆኑ፣ ከዚያም ቲ ሴል (ሌላ ዓይነት የመከላከያ ሴል) እስከመሆን ደረሱ። የበሰለ ነገር እንዲህ አያደርግም።

ሌላ አባል፦ «ያልጎለመሰ» ብትይውስ? ወይ «ለአቅመ አዳም ያልደረሰ» 😄

የለገጣፎው፦ ሃሃ፣ ለአቅመ አዳም የደረሰስ መቼ ተመልሶ ሕፃን ሆነ? እኔ «መብቃት» ነው የምለው። ለሥራው በቃ፣ ገና አልበቃም። ብቃት ደግሞ ተገኝቶም ሊጠፋ ይችላል። «አገላለጽ»ን ግን ከማስታወሻው አውጪው፣ የንግግር ስልት ነው የሚመስለው። «ጂኑ ሥራ ላይ ነው»፣ «ጂኑ ተዘግቷል» በይ፣ ማንም ይገባዋል። ለዩኒቨርሲቲ ጽሑፍ ከሆነ ሌላ ጉዳይ ነው።

ጠያቂዋ፦ እሺ፣ እንዲህ አልኩት፦ «ቫይረሱ ገና ያልበቁ የመከላከያ ሴሎችን ይገድላል፤ ከዚያ በኋላ የፈንግል ክትባት ቢሰጥም አይዝም።»

የለገጣፎው፦ የመጀመሪያው ጥሩ ነው። «አይዝም»ን ግን «በደንብ ላይዝ ይችላል» አድርጊው። አለዚያ ሰዉ የፈንግሉንም ክትባት እርግፍ አድርጎ ይተወዋል።