«ሪላይብሊ» ሁልጊዜ «በአስተማማኝ ሁኔታ» ነው?

መምህርት፣ ደሴ፦ እንግሊዝኛ ስናስተምር «ሪላይብሊ» የሚለውን ቃል ሁሉ «በአስተማማኝ ሁኔታ» እያልን ማለፍ ማቆም አለብን። «የበልግ ዝናብ በአስተማማኝ ሁኔታ አይጥልም» ያስኬዳል፤ የበልግ ገብስ የሚዘራ የወሎ ገበሬ ወዲያው ይገባዋል። «ሞተሩ ጠዋት ጠዋት ሪላይብሊ ይነሳል» ሲባል ግን የእኛው «ሳያስቸግር» ይበልጣል። «በአስተማማኝ ሁኔታ ይነሳል» የቢሮ ደብዳቤ ይመስላል።

ተርጓሚ፣ ኮምቦልቻ፦ እህቴ፣ እምነቱን ከቃሉ አታውጪው። «አይ አም ሪላይብሊ ኢንፎርምድ» ማለት «ከታመነ ምንጭ ሰምቻለሁ» ነው። «ሳያስቸግር ሰማሁ» ልትዪ ነው?

የስታቲስቲክስ መምህር፣ ወልድያ፦ በልኬት ትምህርት ደግሞ እምነት ቦታ የለውም። 50 ኪሎ ጤፍ አሥር ጊዜ መዝናችሁ አሥሩንም ጊዜ 52 የሚል ሚዛን «ሪላይብል» ነው፤ አይዛነፍማ። ልክ መሆኑ ሌላ ጉዳይ ነው፣ ስሙም «ቫሊዲቲ» ነው። ይህን ሚዛን ለተማሪ «አስተማማኝ» ብላችሁ ብትነግሩት ገበያ ወጥቶ ይከስራል። እዚህ ላይ «ሳይዛነፍ» የግድ ነው።

ተርጓሚ፣ ኮምቦልቻ፦ የሚዛኑን ተቀብያለሁ። በየፈተናው የምናየው ስህተት ግን ሌላ ነው፦ «ዲፔንደብሊ» እና «ዲፔንደንትሊ» ይምታታሉ። የመጀመሪያው የ«ሪላይብሊ» ወንድም ነው፤ የሚታመነውን ይገልጻል። ሁለተኛው ተደጋፊውን፣ ጥገኛውን። ተማሪው «ማን በማን ተማመነ?» ብሎ ይጠይቅ፤ ምሰሶው «ዲፔንደብሊ»፣ በምሰሶው የቆመው ጣሪያ «ዲፔንደንትሊ»።

አርታኢ፣ ሐይቅ፦ መስተዋድዱንም አትርሱ። እኛ «በእርሱ ተማመንኩ» ስለምንል ልጆቹ ከ«ሪላይ» ቀጥለው «ኢን» ወይም «ባይ» ይጽፋሉ፤ የእንግሊዝኛው «ኦን» ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ራሳቸው እንግሊዞች «ኦን የሌለበት ሪላይብል ስህተት ነው» ብለው ተሟግተዋል። መልሱ «ላፈብል» (አስቂኝ) የሚለው ቃል ነበር፦ ግሱ «ላፍ አት» (በአንድ ነገር መሳቅ) ሆኖ ሳለ ቅጽሉ «አት»ን ጥሏል፣ ማንም አልከሰሰውም።

መምህርት፣ ደሴ፦ አብሽሩ፣ የምንጩን ነገር ተረትቻለሁ፤ ለሰው ቃል «ከታመነ ምንጭ» ይሁን። ለማሽንና ለልኬት ግን «ሳያስቸግር»ና «ሳይዛነፍ» መዝገበ ቃላት ውስጥ ይግቡ፤ ከዚህ አልወርድም።

ተርጓሚ፣ ኮምቦልቻ፦ ይግቡ፤ «በአስተማማኝ ሁኔታ» ግን ከፊታቸው ይቅደም።